ትልቅ ሳምፕለርን በራስ ለውጥ መጨረስ፦ የትኛው ለውጥ ያዋጣል?

ትልቅ የመስቀል ጥልፍ ሳምፕለር፣ ማለትም ፊደላትና ምስሎች በትናንሽ የ× ምልክቶች በአንድ ጨርቅ ላይ የሚጠለፉበትን ሥራ፣ የያዘ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። ፊደሉን፣ ቤቱን፣ ወፎቹን፣ ከታች ያለውን ዓመተ ምህረት የመረጠው ሌላ ሰው ነው። ይሄ ሁሉ ወር የተለፋበት ነገር ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ስለ እናንተ አንድ ነገር ቢናገር ደስ ይላል። ልቀይረው ማለት ቀላል ነው። ምኑን፣ ምን ያህል፣ መቼ የሚለው ነው የሚያወዛግበው።

ንድፉን መንካት ነውር የሚመስለው ካለ ይረጋጋ። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ያለው የጄን ቦስቶክ ሳምፕለር 1598 የሚል ዓመት ተጠልፎበታል። ዓመት ከተጻፈባቸው የእንግሊዝ ሳምፕለሮች ቀዳሚው እሱ ነው። በላዩም አሊስ ሊ የምትባል ሕፃን በ1596 መወለዷ ተጽፎበታል። የግል ነገር ማስገባት ከሳምፕለር ጋር አብሮ የኖረ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በታች የለውጥ ዓይነቶችን አንድ በአንድ እናያለን። አስቀድመን ግን በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ትልቁ፣ ለውጡ ቆጠራውን ይነካል ወይ የሚለው ነው። የመስቀል ጥልፍ በቆጠራ ነው የሚቆመው፤ ቻርት የሚባለው ባለካሬ ንድፍ ላይ ያለው እያንዳንዱ ካሬ ጨርቁ ላይ አንድ መስቀል ይሆናል። አንዲት ካሬ ከሳታችሁ ስህተቱ እዚያው አይቀርም፤ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ይከተላችኋል። ስለዚህ ቆጠራውን ሳይነካ በራሱ ቦታ ላይ የሚያልቅ ለውጥ ሁልጊዜ ይሻላል።

ሁለተኛው ሥራው የደረሰበት ደረጃ ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ያው አንድ ለውጥ መርፌ ሳይነሳ በፊት ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን የሳምንታት መተርተር ያስከትላል። ቀለም መቀየር ጥሩ ምሳሌ ነው። ጽሑፍ መቀየር ደግሞ ተቃራኒው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ይጠብቃችኋል።

ከዚያ ሦስት ትናንሽ ጥያቄዎች አሉ። ባይምርልኝ ምን ያህል እተረትራለሁ? አዲሱ ነገር ከቀረው ጋር አንድ እጅ የሠራው ይመስላል ወይ? ተጨማሪ ክር፣ ጨርቅ ወይም የተለየ ፍሬም ይጠይቃል ወይ?

ጽሑፉን ብቻ መቀየር

ስም፣ ዓመት፣ ቦታ፣ አጭር ጥቅስ። ለእኔ ከሁሉም የሚያዋጣው ይሄ ነው። ሰው ሳምፕለር ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚያነበው ጽሑፉን ነው። በትንሽ ሥራ ትልቅ ለውጥ ታገኛላችሁ። ቆጠራውም በአንድ መስመር ውስጥ ስለሚያልቅ ወደ ሌላው አይዛመትም።

ችግሩ መሃል ላይ ማሳረፍ ነው። በዓይን ግምት አይሠራም። ባለካሬ ደብተር ላይ ፊደሎቹን ከነክፍተታቸው ጻፉና ቁጠሩ። ቦታው 61 ካሬ ስፋት አለው እንበል። ጽሑፋችሁ 46 ካሬ ወጣ። 15 ካሬ ተረፈ፤ ለሁለት እኩል አይከፈልም። በሁለት ቃላት መሃል ያለውን ክፍተት በአንድ ካሬ ብታሰፉት 47 ይሆናል። አሁን 14 ተረፈ፣ በግራና በቀኝ 7፣ 7። እንዲህ ያለችው አንድ ካሬ ማሸጋሸግ ብዙ ራስ ምታት ታስቀራለች።

የድሮ ሳምፕለሮችን የሚከተሉ ቻርቶች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ፊደል ተራው ውስጥ ጄ እና ዩ ብዙ ጊዜ የሉም። በዚያ ዘመን አይ ለጄም፣ ቪ ለዩም ያገለግሉ ነበር። በላቲን የሚጻፈው ስማችሁ ውስጥ እነዚህ ካሉ፣ ከጎረቤቶቹ ፊደላት ጋር የሚመሳሰል ራሳችሁ መሣል አለባችሁ። ከአይ ተነስቶ ጄ ማውጣት ሁለት ሦስት መስቀል የመጨመር ጉዳይ ስለሆነ አያስፈራም።

ስሙን በራሳችን ፊደል መጥለፍ ለፈለገ ደግሞ ፈተናው ይለያል። የላቲን ትልቁ ፊደል በ7 ካሬ ከፍታ በደንብ ይነበባል። ሀ እና ተም በዚያው ከፍታ ይወጣሉ። ለ እና ሉን ግን ተመልከቱ። የሚለያቸው አንዲት ቅጥያ ናት፤ ያቺ ቅጥያ አንድ ካሬ ብቻ ካገኘች ከሩቅ አትታይም። ጬ፣ ሟ፣ ቋ የመሳሰሉት ጭራሽ ይጨፈለቃሉ። እኔ ከ11 ካሬ በታች አልወርድም። ለዚህ የሚበቃ ከፍታ ቻርቱ ላይ ከሌለ፣ ፊደል ተራውን ከያዙት ረድፎች አንዱን ማስወጣት ግድ ይላል።

ጽሑፉ ረዘመ፣ ቦታው ጠበበ? መልሱ ጨርቃችሁ ላይ ይወሰናል። በባለ28 ሊነን (በአንድ ኢንች 28 ክር ያለው ጨርቅ) ላይ ሁለት ሁለት የጨርቅ ክር እየዘለሉ ሲጠልፉ የባለ14 አይዳን (ካሬዎቹ በሽመናው የተሠሩ፣ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ያለው የጥልፍ ጨርቅ) መጠን ይሰጣል። ለጽሑፉ ብቻ አንድ አንድ ክር እየዘለላችሁ ከጠለፋችሁ በዚያው ስፋት እጥፍ ፊደል ይገባል። የጥልፍ ክሩንም ወደ አንድ ዘለላ መቀነስ ነው። አይዳ ላይ ግን ካሬው በራሱ ተሸምኖ የተዘጋ ስለሆነ መሃሉን በስለታም መርፌ መብሳት ያስፈልጋል። ለአንድ ቃል ይቻላል። ለሙሉ ጥቅስ ግን አይመከርም፣ ዓይን ይጠፋል።

ምስል ማውጣትና መተካት

የቻርቱን ቤት አውጥቶ የራስን ቤት፣ በአጋዘን ፋንታ የራስን ውሻ። ከሁሉም የሚያስደስተው ለውጥ ይሄ ነው፣ ከሁሉም በብዛት የሚበላሸውም ይሄው ነው።

ቆጠራውን ለማዳን አንድ ዘዴ ይበቃል። የሚወጣውን ምስል በሳጥን ክበቡት። ቤቱ 34 ካሬ ስፋት፣ 28 ካሬ ከፍታ ካለው፣ አዲሱም ከዚያች ሳጥን አይወጣም። ሙሉ በሙሉ መሙላት የለበትም። መሬት ላይ የቆመ ምስል ከሆነ ግን የታችኛው መስመር እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ከባዱ መዋሃዱ ነው። የድሮ ዓይነት ሳምፕለር ምስሎች ጠፍጣፋ ናቸው። ጥላ የላቸውም፣ ቀለማቸው ሦስት አራት ነው፣ ዝርዝራቸው ጥቂት ነው። አሁን ደግሞ ፎቶን በአንድ ጊዜ ወደ ቻርት የሚቀይሩ አፖች አሉ። ፎቶውን ትሰጡታላችሁ፣ 40 ቀለም ያለው ውሻ ይሰጣችኋል። ያንን ውሻ ከእነዚያ ጠፍጣፋ ዛፎች አጠገብ ማስቀመጥ ሠርግ ላይ የሥራ ቱታ ለብሶ እንደመገኘት ነው። ውሻው ምንም አላጠፋም፣ ቦታው ግን አይደለም። አፑን ብትጠቀሙም ለመነሻ ብቻ ይሁን። ከዚያ ሳምፕለሩ ላይ ካሉት ቀለሞች ውስጥ ሦስት ወይም አራት ምረጡና በእጅ አቅልሉት። ውሻውን የእናንተ የሚያደርገው የጆሮው ቅርጽና የጭራው አኳኋን ነው፣ የፀጉሩ ጥላ አይደለም።

ሌላም ልብ በሉ። ሳምፕለሮች ጥንድ ይወዳሉ። በግራ አንድ ወፍ፣ በቀኝ ፊቷን ያዞረች ሌላ ወፍ። አንዷን ብቻ ከቀየራችሁ ሚዛኑ ይዛባል። ወይ ሁለቱንም ቀይሩ፣ ወይ ጥንድ የሌለውን የመሃሉን ምስል ምረጡ።

ምስሉ ቀድሞ የተጠለፈ ከሆነስ? ይተረተራል። በትንሽ ስለታም መቀስ ከፊት በኩል እየቆረጡ በጀርባ ማውጣት ነው። ጥቁር ክር ነጭ ጨርቅ ላይ ብናኝ ይተዋል፤ የሚጣበቅ ፕላስተር ወይም ስኮች ጫን ጫን አድርጎ ማንሳት ይረዳል። ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ምስል በነበረበት ቦታ ላይ ፈዘዝ ያለ ቀለም አታስቀምጡ። የተረፈው ጥላ ከሥር ይታያል።

ቀለም መቀየር

እዚህ ላይ ቆጠራው ጨርሶ አይነካም፤ ቻርቱ እንዳለ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ቀላሉ ለውጥ ነው ብሎ ያስባል። መርፌ ሳይነሳ ከሆነ እውነት ነው። ግማሽ ከሄዱ በኋላ ግን ከሁሉም የከበደ ነው፤ አንድ አረንጓዴ ከላይ እስከ ታች ሃያ ቦታ ተበትኖ ይገኛልና። ከመሃል ጀምራችሁ ብትቀይሩት ሳምፕለሩ ሁለት ሰው የሠራው ይመስላል።

ከመጀመሪያው ለሚቀይር ሰው ምክሬ ከቀለሙ ስም ይልቅ ድምቀቱንና ፍዘቱን ማየት ነው። የቻርቱን ክሮችና የእናንተን ምርጫ ጎን ለጎን ደርድሩና በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱ። ሰማያዊውን በወይን ጠጅ ቀለም ብትተኩት፣ በጥቁርና ነጩ ፎቶ ላይ እኩል ከጠቆሩ ንድፉ ይቆማል። አንዱ ፈዞ ሌላው ከጠቆረ ጎልቶ መውጣት ያለበት ይደበቃል።

ክር አምራቾች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። የዲኤምሲን ቁጥር ወደ አንከር የሚያመሳክሩ ሰንጠረዦች አሉ፤ ያቀራርባሉ እንጂ እኩል አያደርጉም። የአንድ አምራች ያው አንድ ቁጥር እንኳን በተለያየ ጊዜ ሲነከር ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ለዙሪያው ጥለትና በብዛት ለሚታየው ቀለም የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ግዙ። ለትንሿ አበባ ግድ የለም።

ወጪ ለሚቆጥብ አንድ መላ አለ፤ ሙሉውን ሳምፕለር በአንድ ቀለም መጥለፍ። ቀይ በነጭ፣ ወይም ጥቁር ሰማያዊ በክሬም። ያምራል፣ ክር መለዋወጥም የለም፣ ሥራውም ይፈጥናል። አስቀድማችሁ ግን ቻርቱን ፈትሹ። እርስ በርስ የተነካኩና በቀለም ብቻ የሚለያዩ ምስሎች አንድ ላይ ይዋጣሉ። ቅጠሉ ግንዱ ላይ ከተለጠፈ በመሃላቸው አንድ ካሬ ባዶ ተዉ።

ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ስላነሳሁ፣ በተለይ በእጅ የተነከሩ ክሮች ቀለም ሊለቁ ይችላሉ። ቁራጭ ክር በውኃ አርሳችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫኑት። ካቀለመ አትመኑት። በአንድ ጥቅል ውስጥ ቀለሙ የሚለዋወጥ ክር ከመረጣችሁ ደግሞ እያንዳንዱን መስቀል ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ግማሽ ግማሹን ሄዶ መመለስ የቀለሙን ለውጥ ያደበዝዘዋል።

ስፋቱን መቀየር

ይሄ ነው ላብ የሚያስወጣው። በሁለት ወፎች መሃል ሌላ ዛፍ ላስገባ፣ ትንሽ ሰፋ ላድርገው የሚል ሐሳብ ከዙሪያው ጥለት ጋር ይጋጫል። ጥለቱ በድግግሞሽ የተሠራ ነው። አንዱ ድግግሞሽ 12 ካሬ ከሆነ 20 ካሬ መጨመር አትችሉም። 12 ወይም 24 ነው። ከላይ ከጨመራችሁ ከታችም መጨመር አለባችሁ፤ አለዚያ ማዕዘኖቹ አይገጥሙም። ይሄን ለመሥራት የቆረጠ ሰው በየ10 ካሬው በሌላ ቀለም ክር መስመር ያስኪድ፤ በኋላ ተስቦ ይወጣል።

ረድፍ በረድፍ ወደ ታች የሚወርድ፣ ዙሪያ ጥለት የሌለው ሳምፕለር ከሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እዚያ ላይ ረድፍ መጨመር ወይም ማውጣት ከሁሉም ይቀላል። ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት ረድፎች ትቶ ስምና ዓመት ጽፎ መዝጋት ይችላል። ማንም አያውቅበትም።

መጠኑ ብቻ ከሆነ ያስጨነቃችሁ፣ ገና ካልጀመራችሁ ጨርቁን ቀይሩ። 200 በ300 ካሬ የሆነ ቻርት ባለ14 አይዳ ላይ 36 በ54 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። ባለ18 ላይ ያው ቻርት 28 በ42 ገደማ ነው። ቻርቱ ላይ አንዲት ካሬ አልተነካችም። የቆጠራ ጣጣ የለውም፤ ደቃቅ ካሬ ግን የበለጠ ዓይንና ብርሃን ይፈልጋል።

ዶቃ፣ ቁልፍ፣ የሚያብረቀርቅ ክር

ጥቂት ያምራል። ብዙ ሲሆን ሳምፕለሩን ያረክሰዋል ብዬ ነው የማምነው፤ የምርጫ ጉዳይ ነው። ቆጠራ አይነካም፣ በመጨረሻ ስለሚሰፋም ለማውጣት አይከብድም። ብቸኛው ዋጋው ፍሬሙ ላይ ነው የሚከፈለው። ዶቃ ከጨርቁ ከፍ ስለሚል መስታወቱ መራቅ አለበት።

በአጭሩ

| ለውጥ | ቆጠራ ይነካል? | ከመሃል ቢጀመር | መተርተር | መዋሃድ | ተጨማሪ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጽሑፍ | በአንድ መስመር ብቻ | ችግር የለውም | ትንሽ | ቀላል | የለም ማለት ይቻላል |
| አንድ ምስል | ሳጥኑ ከተጠበቀ አይነካም | ካልተጠለፈ ጥሩ | መካከለኛ | ከባድ | ትንሽ ክር |
| ቀለም | አይነካም | በጣም ከባድ | ብዙ | መካከለኛ | ክሩ ከተገዛ ድርብ |
| ሙሉውን በአንድ ቀለም | የተነካኩት ካልተለያዩ አይነካም | አይሆንም | ሙሉውን | ቀላል | ይቀንሳል |
| ስፋት፣ ዙሪያ ጥለት ላለው | በጣም | አይመከርም | ብዙ | መካከለኛ | ጨርቅና ክር |
| ረድፍ፣ ዙሪያ ጥለት ለሌለው | ትንሽ | ጥሩ | ትንሽ | ቀላል | የለም |
| ዶቃና ጌጥ | አይነካም | ጥሩ | ትንሽ | እንደ መጠኑ | ፍሬሙ ላይ |

የመጨረሻው ውሳኔ፦ እንዴት ይሰቀል?

ይሄ ውሳኔ የሚደረገው ካለቀ በኋላ ይመስላል። ጨርቁ ሲቆረጥ ነው መደረግ ያለበት። ለፍሬም በየጎኑ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ባዶ ጨርቅ ያስፈልጋል። ዙሪያውን ያሰፋ ሰው ይቺን ነው የሚበላት።

ግድግዳ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ማጠብ ይበጃል፤ የእጅ ወዝ ዛሬ ባይታይም ከጊዜ በኋላ ይብላላል። ለብ ባለ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ ሳይጨምቁ። በፎጣ ጠቅልሎ ውኃውን ማስመጠጥ፣ ከዚያ ወፍራም ፎጣ ላይ ፊቱን ደፍቶ በጀርባው መተኮስ። ፎጣው መስቀሎቹ እንዳይዳመጡ ያደርጋል። ቀለም የሚለቅ ክር ያለበትን ግን ውኃ ውስጥ አትክተቱ።

ፍሬም ከመስታወት ጋር ከአቧራ የሚከላከል ነው። መስታወቱ ጥልፉን መንካት የለበትም፤ በመሃል የካርቶን ክፈፍ ወይም ቀጭን ማራቂያ ይግባ። ጀርባው አሲድ አልባ ካርቶን ይሁን፣ ተራ ካርቶን ጨርቁን እያደር ቢጫ ያደርገዋል። አልትራቫዮሌት የሚያጣራ መስታወት መደብዘዝን ያዘገያል፣ አያስቆምም። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ ምንም መስታወት አያድነውም።

ጨርቁን ካርቶኑ ላይ ለመወጠር ሦስት መንገድ አለ። ሙጫ ፈጣን ነው፣ እኔ ግን አልነካውም፤ ይጠቁራል፣ ቢፈለግም አይላቀቅም። በካርቶኑ ውፍረት ላይ ስፒል መሰካት ለማስተካከል ይመቻል፤ የማይዝግ ስፒል ይሁን። ሦስተኛው በጀርባ በኩል በጠንካራ ክር ከጠርዝ ጠርዝ እያመላለሱ ማሰር ነው። ረጅም ምሽት ይወስዳል። ለትልቅ ሥራ ግን ውጥረቱን እኩል የሚያደርገው እሱ ነው፤ ነገ ቢፈለግ ተፈትቶ ጨርቁ እንደነበረ ይወጣል። ራስ መሥራትም ለፍሬም ቤት የሚከፈለውን ይቀንሳል።

ጀርባ ተሰፍቶለት በእንጨት ዘንግ ላይ የሚንጠለጠለው አማራጭ ወጪው ዝቅተኛ ነው፤ ለረጅምና ጠባብ ሳምፕለር ይስማማል። አቧራ ግን ይይዛል። ትራስ ማድረግ? ለትንሽ ሥራ ይሁን። የብዙ ወራት ሳምፕለር ላይ ሰው እንዲደገፍበት መፍቀድ አይገባኝም። አሁን መወሰን ካልቻላችሁ አታጥፉት፤ አሲድ አልባ ወረቀት በለበሰ ጥቅል ካርቶን ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ጠቅልሉት።

ታዲያ ለእናንተ የቱ?

የመጀመሪያ ትልቅ ሥራችሁ ከሆነ ጽሑፉን ብቻ ቀይሩ። ሌላ ነገር ካማራችሁ ቅጠሎቹ መሃል የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደል ደብቁ። የሚያውቀው ያውቀዋል።

ቀን የተቆረጠለት ስጦታ ከሆነ ጽሑፉን መጀመሪያ ጥለፉ። ሥራው ቢዘገይ የሚጎድለው ምስል እንጂ ስሙ አይሆንም። ለሚወለድ ሕፃን ከሆነ ግን ቀኑ እስኪታወቅ ቦታውን ክፍት ተዉት፣ የፊደሎቹን ስፋት ብቻ ቁጠሩና ያዙ።

ገንዘብ የሚያሳስባችሁ በአንድ ቀለም ጥለፉና ራሳችሁ በክር ወጥራችሁ እሰሩት። ገንዘብ ካለ ደግሞ ከተጨማሪ ክር ይልቅ መስታወቱና አሲድ አልባው ካርቶን ላይ አውጡት።

ከግማሽ በላይ ለሄዳችሁ ቀለም ጉዳዩ አልቋል፣ ተዉት። ጽሑፍና ገና ያልተጠለፈ አንድ ምስል ይበቃሉ። ልምድ ያላችሁና ጥለቱን ለማስፋት የቆረጣችሁ ደግሞ ሙሉውን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጨርሱ፣ አራቱም ማዕዘኖች ከገጠሙ በኋላ መርፌ አንሱ።

የሌላ ሰው ጅምር ተረክባችሁ የምትጨርሱም አላችሁ። እዚያ ላይ ለውጥ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ከታች ሁለት ስም፣ ሁለት ዓመት መጥለፍ ጥሩ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን የቀድሞው እጅ መስቀሉን በየትኛው አቅጣጫ እንደዘጋው እዩ። የላይኛው ክር ወደ ቀኝ ያዘነበለ ከሆነ እናንተም ወደ ቀኝ። ስንት ዘለላ ክር እንደተጠቀመም በጀርባው አረጋግጡ። የእጅ ጥብቀት መለያየቱ አይቀርምና ተጀምሮ የቆመውን ምስል ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ አዲስ ምስል ለብቻው ጥለፉ፤ እጃችሁ እዚያ ላይ ይለማመዳል።